ቤተ ሰብን ይዞ ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርያም

ስለ ጣና ደሴቶች ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ሩቆቹ ነው። ስለ ዳጋ እስጢፋኖስ የሚነገረው የነገሥታት ዐፅም ያረፈበት ስለ ሆነ ነው፤ ስለ ናርጋ ሥላሴ የሚነገረው ስለ ሥዕሎቹ ነው። ነገር ግን ወደ እነዚህ ለመድረስ በሞተር ጀልባ እንኳ ሰዓታት ስለሚፈጅ፣ ሕፃናትንና አረጋውያንን ይዞ በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ አድካሚ ነው። በዚህ ወር ልንጽፍላችሁ ያሰብነው ከባሕር ዳር ወደብ ብዙ ስለማይርቁት፣ ይኸውም ስለ ክብራን ገብርኤል፣ ስለ እንጦስ ኢየሱስና በተለይም ስለ ደብረ ማርያም ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ በደረሰው ግጭት ምክንያት ብዙ ቤተ ሰብ ይህን የመሰለውን ጉዞ ትቶ እንደ ነበረ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ማንም ከቤቱ ከመነሣቱ አስቀድሞ ስለ መንገዱ ሰላም አጥብቆ ይጠይቅ።

ወደ ደሴት የሚሻገር ቤተ ሰብ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው የጀልባውን ዋጋ ሳይሆን፣ ከጀልባው ማን ይወርዳል የሚለውን ነው። ወደ ክብራን ገብርኤል ሴቶች አይገቡም። በአንጻሩ እንጦስ ቀድሞ መነኮሳይያት የኖሩበት ስለ ሆነ ሴቶችን ይቀበላል፤ ደብረ ማርያምም እንደዚሁ። ይህን ሳያውቁ የሚሄዱ ብዙዎች ናቸው። ክብራን ዳርቻ ሲደርሱ አባትና ወንዶች ልጆች ወርደው ሲገቡ፣ እናትና ሴቶች ልጆች በፀሐይ ላይ ጀልባ ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። አንድ ቀን ሙሉ አብረን እንዋል ብሎ የወጣ ቤተ ሰብ እንዲህ በውሃው ዳር ለሁለት ሲከፈል ማየት ደስ አያሰኝም።

በጥር ወር 2011 ዓ.ም. እኛም አያትን፣ የዐሥራ ሁለት ዓመት ወንድ ልጅንና የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጅን ይዘን ወደብ በደረስን ጊዜ ይኸው ጥያቄ ተነሣ። ልጁ ስለ ክብራን መጻሕፍት በትምህርት ቤት ሰምቶ ስለ ነበር ወደዚያው እንሂድ አለ። እኅቱ ግን የደሴቲቱን ሥርዐት ከጀልባ ነጂው እንደ ሰማች ወደ አያቷ ዞራ፣ «እማማ፣ ወንድሜ ገብቶ የሚያየውን እኔ ለምን አላይም?» ብላ ጠየቀች።

አያቲቱም፣ «ልጄ፣ እኔ በዚህ ሁሉ ዘመኔ ከጀልባ ላይ ሆኜ ነው የተሳለምሁት፤ ገብርኤልም አልሰማሁሽም አላለኝም» አሉ።

«እርስዎ እማማ መጽሐፍ ማየት ላያሻዎ ይችላል፤ እኔ ግን ያሻኛል።»

በአጠገባችን ቆሞ ይሰማ የነበረ አንድ ሰው፣ ለበጎ አስቦ ይመስለኛል፣ ሴት ያረከሰችው ቦታ አይቀደስምና ነው ብሎ ሊያስረዳት ሞከረ። እንዲህ ያለ መልስ ለልጅ ሲሰጥ ዝም ብሎ ማለፍ የማይገባ ስለ ሆነ አባቷ ቶሎ አስተካከለው። «ይህ የመነኮሳት ሥርዐት ነው» አላት፤ «ትዳርን፣ ልጅንና ቤትን ትተው ለመኖር የተሳሉ ሰዎች ለራሳቸው ያጠሩት አጥር ነው እንጂ በአንቺ ላይ የተፈረደ ፍርድ አይደለም። አጥሩ የታጠረው ስለ እነርሱ ድካም ነው።» በትግራይ ባለው በደብረ ዳሞ ገዳም እንስት ከብት እንኳ እንደማይወጣ ጨምሮ ነገራት፤ እርሷም ላሟ ምን አደረገች ብላ ሣቀች። መልሱ ፈጽሞ አረካት ለማለት አይቻልም። እኛም እንዲያረካት አላስገደድናትም፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ይህን ጥያቄ ይዛ ብታድግ አንዳች የሚጎዳት ነገር የለም። የሚጎዳት ስለ ራሷ ሐሰት የሆነ ነገር ይዛ ብታድግ ነው።

ስለ መጻሕፍቱ ግን ሊነገራት የሚችል ነበረ። ክብራን በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን የተመሠረተ ገዳም ሲሆን፣ በዐሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት የተጻፈ ባለ ሥዕል አርባዕቱ ወንጌል ይገኝበታል። ኤርንስት ሐመርሽሚት የሚባሉ ሊቅ በጣና ገዳማት ያሉትን መጻሕፍት ፎቶግራፍ አንሥተው፣ የክብራንን ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ1973 በጀርመን አገር አሳትመዋል። ወንዱም ሴቲቱም ልጅ አንድ ቀን በዚያ በኩል ሊደርሱበት ይችላሉ።

ስለዚህ ሁላችን አብረን ልንወርድበት ወደምንችለው ወደ ደብረ ማርያም እንድንሻገር ተወሰነ። ልጁ ጥቂት አኮረፈ። አያቲቱ ከወደቡ ላይ ቆመው ወደ ክብራን አቅጣጫ ሦስት ጊዜ ሰገዱና ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡ።

የደብረ ማርያም መንገድ አጭር ቢሆንም ለልጆች የሚያሳየው ብዙ ነው። በመጀመሪያ የሚታየው ታንኳው ነው። ይህ ታንኳ ከደንገል የሚሠራ ሲሆን፣ ደንገሉ ታጭዶና ደርቆ በእስር በእስር እየሆነ ይጠመራል። በዚህ ጥበብ ከሁሉ ይልቅ የታወቁት በባሕሩ ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች ናቸው። እንጨት እንደሚሠራ መርከብ ውስጡ ክፍት አይደለምና ውሃ ቢገባበትም አይሰጥምም፤ የሚንሳፈፈው ደንገሉ በውስጡ አየር ስላለው ነው። ነገር ግን ቀስ በቀስ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከሥራ በኋላ ከውሃ አውጥቶ በፀሐይ ማድረቅ ያስፈልጋል፤ እንዲህም ሆኖ ዕድሜው ወራት እንጂ ዓመታት አይደለም። ቶር ሄየርዳል የተባለው የኖርዌይ ሰው በጥንት ዘመን በደንገል መርከብ ውቅያኖስ መሻገር ይቻል ነበር ብሎ ለማስረዳት እ.ኤ.አ. በ1969 «ራ» ብሎ የሰየመውን መርከብ ያሠራው ከጣና በተወሰደ ደንገል ነበር። የመጀመሪያው መርከብ ከመድረሻው ሳይደርስ ፈረሰ፤ በሚከተለው ዓመት የተሠራው ሁለተኛው ግን ከሞሮኮ ተነሥቶ በ57 ቀን ባርባዶስ ደረሰ። ልጃችን ይህን ሲሰማ ኩርፊያውን ረሳና፣ በአጠገባችን የሚያልፈውን ባለ ታንኳ፣ «ጋሼ፣ ይህ አሜሪካ ይደርሳል?» ብሎ ጮኾ ጠየቀው። ባለ ታንኳውም የጫነውን የማገዶ እንጨት አሳየውና፣ «ገበያ ከደረሰልኝ ይበቃኛል» አለው።

ደብረ ማርያም ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አፍ አጠገብ ያለች ደሴት ናት፤ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ሳይሆን ገበሬዎችም ይኖሩባታል። እዚህ ላይ ለልጆች በትክክል ሊነገር የሚገባው አንድ ነገር አለ። ብዙ ሰው የዓባይ ውሃ ሁሉ ከጣና የሚወጣ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም፤ ከፍ ያለው የውሃ ድርሻ ወንዙ ወደ ታች ሲወርድ በየሸለቆው የሚቀላቀሉት ገባሮች የሚያመጡት ነው። ከጣና የሚወጣው ውሃም ዛሬ እንደ ድሮው በራሱ ፈቃድ ብቻ አይወጣም፤ በ1988 ዓ.ም. በጨረጨራ የተሠራው መቆጣጠሪያ ይመጥነዋል፤ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮም ከፊሉ በዋሻ ወደ በለስ ሄዶ የኤሌክትሪክ ኀይል ይሰጣል። አያቲቱ ይህን ሲሰሙ፣ «ታዲያ ጣናን ማን ጠየቀው?» አሉ። ጥያቄያቸው እንደ ቀልድ ቢመስልም፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻው የተስፋፋውን የእንቦጭ አረም ያየ ሰው እንደ ቀልድ አይቈጥረውም። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ይህ አረም አበባው ሐምራዊና ያማረ ነው፤ ሥሩ ግን የዓሣ አጥማጁን መረብና የጀልባውን መንገድ ይዘጋል።

አሁን እናቶችን ስለሚያሳስበው እንጻፍ። ጣና እጅግ ጥልቅ ከሚባሉት ሐይቆች ወገን አይደለም፤ ጥልቅ በሆነበት ስፍራ እንኳ 14 ሜትር ያህል ነው። ነገር ግን ለመስጠም ሁለት ሜትርም ይበቃልና፣ በውሃ ላይ የሚያንሳፍፈው ሰደርያ ለልጆች ሁሉ በልካቸው መኖሩን ሳታዩ አትሳፈሩ። ለትልቅ ሰው የተሰፋ ሰደርያ ከሕፃን ትከሻ ላይ ሾልኮ ስለሚወጣ እንደ ሌለ ይቈጠራል። ልጆች በዳርቻው ባለው ሣርና ደለል ውስጥ በባዶ እግር እንዳይገቡ ከልክሉ፤ በዚያ በሚኖሩት ቀንድ አውጣዎች አማካይነት የቢልሃርዝያ ተባይ ይራባል፤ ከውሃውም በቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ይገባል። የምትጠጡትን ውሃ ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። በዓባይ አፍ አካባቢ ጉማሬ ብቅ ሲል ጀልባ ነጂው እንዲያስጠጋ ገንዘብ የሚጨምሩ ሰዎች አሉ፤ ጉማሬ ጀልባ የሚገለብጥ አውሬ ነውና ይህን ማድረግ ድፍረት ነው።

ስለ ስንቅ ብዙ መጻፍ አያስፈልግም፤ ዳቦ፣ ቆሎና ብርቱካን ይበቃል። ነጠላ አትርሱ፤ ጫማም በቀላሉ የሚወልቅ ይሁን። የመመለሻውን ሰዓት ግን ገና ከወደቡ ሳትነሡ ከጀልባው ባለቤት ጋር ተስማሙ። ነፋሱ ከቀትር በኋላ ስለሚበረታና ማዕበሉ ሽማግሌዎችን ስለሚያስጨንቅ፣ በማለዳ ሄዶ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በፊት መመለስ ይሻላል። ከዚያም በወደቡ ዳር ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ስንቅ መፍታት ይቻላል።