አየሩ ይለካ
የቀዶ ሕክምና ክፍል አየር በሰዓት ቢያንስ 20 ጊዜ እንዲለዋወጥ አሽሬ (ASHRAE) የተባለው የአሜሪካ የማሞቂያና የአየር ማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር መስፈርት ያዛል። ማራገቢያው ስለጮኸ ግን አየሩ ደርሷል ማለት አይደለም፤ አየሩን በሚያመጣው ቱቦ ውስጥ መለካት አለበት።

የአየርን ፍጥነት በግፊት የሚለካው ፒቶ ቱቦ የተባለ መሣሪያ ዝግ ያለ አየር ይቸግረዋል። በሰከንድ 10 ሜትር የሚነፍስ አየር 60 ፓስካል ገደማ ግፊት ሲፈጥር፣ 1 ሜትር የሚነፍሰው 0.6 ብቻ ነው። እዚህ ላይ የሙቀት ሴንሰር ይበልጣል፤ አየሩ የጋለውን ሴንሰር ሲያቀዘቅዘው፣ ሙቀቱን ለመጠበቅ የሚፈጀው ኤሌክትሪክ ፍሰቱን ይናገራል።

አዲስ አበባ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። የከተማዋ አየር ከባሕር ወለሉ በአንድ አራተኛ ገደማ የሳሳ ነውና ለከፍታው ያልተስተካከለ ሴንሰር ፍጥነቱን አሳንሶ ያነባል። ሆስፒታል የሚያስገነባ ሁሉ ርክክብ ከመፈረሙ በፊት የልኬቱን ሰነድ ይጠይቅ፤ ሴንሰሩ ለከፍታው መስተካከሉንም ያረጋግጥ።