ከማሳመር በፊት ማጽናት

ለተከበራችሁ የማኅበራችን አባላትና የሰፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ የሰፈራችን ሰው ፊቱን ወደ ቤት እድሳት እንደሚያዞር የታወቀ ነው። ጭቃ የሚያስመርግ አለ፤ ኮርቆሮ የሚለውጥ አለ፤ ሊሾ የሚያስለብስ አለ፤ የልጅ ሠርግ ደርሶበት አንድ ክፍል የሚቀጥልም አለ። ይህ ደስ የሚል ነገር ነው። ነገር ግን ባለፈው ክረምት ያየነውን አይተን ዝም ማለት ስላልሆነልን፣ ብር ከመውጣቱ በፊት በዚህ ሰሌዳ ላይ የበኩላችንን አሳብ ለመግለጽ ወደናል።

በቅድሚያ የራሳችንን ጥፋት እንናገር። የእድሩ ዕቃ ቤት የጭቃ ቤት መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከሁለት ዓመት በፊት «እንዲያምር» ብለን ከአባላት መዋጮ ሲሚንቶ ገዝተን በጭቃው ላይ አስለሰንን፤ አረንጓዴ ቀለምም አስቀባን። አምሮ ነበር፤ አልዋሸንም። በመጀመሪያው ክረምት ልስኑ አበጠ። በሁለተኛው ክረምት እንደ እንጀራ እየተላጠ ወደቀ። ከፍተን ብናየው ጭቃው ውስጥ ለውስጥ ርሷል፤ የቋሚዎቹን እግር ምስጥ ጨርሶታል፤ ከግድግዳው ሥር የተቀመጠው ድንኳንም ሻግቷል። ውጭ ውጭው አምሮ ውስጡን ለቄስ ማለት ይህ ነው።

ምክንያቱን ጠይቀን ተረዳን። ቤቱ የድንጋይ መሠረት የለውም። አሸንዳም ስላልነበረው የጣሪያው ውሃ እግሩ ሥር ይወርድ ነበር። ጭቃ ደግሞ ቢርስም ነፋስ ካገኘ ይደርቃል፤ እኛ ግን በሲሚንቶ ሸፍነን መተንፈሻ ነሳነው። ጭቃና ሲሚንቶ ቢለጠፉም አይዋሃዱም፤ አንዱ ሲርስና ሲደርቅ ያብጣል ይሸበሸባል፣ ሌላው ግን አይከተለውም፤ በዚህ ጊዜ ይለያያሉ። ጥፋቱ የለሳኙ አይደለም። ከታች መጀመር ሲገባን ከላይ የጀመርነው እኛ ነን።

ስለዚህ የእኛ አሳብ እንዲህ ነው፤ ገንዘብ ያለውም የሌለውም ሰው መጀመሪያ ለእግሩና ለጣሪያው ያውጣ። ሴራሚክና ጂፕሰም ከዚያ በኋላ ይደርሳሉ።

አንደኛ፤ ስለ ግድግዳ። በጭቃ ቤት የሚያፍር ሰው አለ። ለምን እንደሚያፍር አይገባንም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ጀምሮ ብዙውን ሕዝብ ያስጠለለው የእንጨትና የጭቃ ቤት ነው። በደንብ የተሠራ እንደሆነ ዕድሜ አለው። አፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋር እየተረገጠ ቀናት ሰንብቶ ይብላላ፤ ዛሬ ተቦክቶ ዛሬ አይመረግ። የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ ከተሰነጠቀ በኋላ ነው ሁለተኛው የሚደገመው። የቋሚዎቹ እግር መሬት ከመግባቱ በፊት ካትራም ወይም የተቃጠለ ዘይት ይቀባ። ከሥር ዙሪያውን በድንጋይና በሲሚንቶ ከመሬት ከፍ ያለ መሠረት ይገንባ። ሲሚንቶው ቦታው እዚያ ነው። ብሎኬት የሚያስገነባም ቢሆን መሠረቱን አይርሳ፤ 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ብሎኬት በለሰለሰ አፈር ላይ ቢደረደር ይሰነጠቃል።

ሁለተኛ፤ ስለ ጣሪያ። ኮርቆሮ ስትገዙ ጌጁን ጠይቁ። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ኮርቆሮው ወፍራም ነው፤ ባለ 28 ከባለ 32 ይወፍራል። «ሁሉም አንድ ነው» ለሚል ነጋዴ አትመኑ። ሚስማሩ ከነጎማው በጉብታው ላይ እንጂ በጎድጓዳው አይመታ፤ ውሃው የሚሄደው በጎድጓዳው ነውና። የጣሪያው ክፈፍ ከግድግዳው ወጣ ይበል፤ አሸንዳም ይደረግለት። ግን ወዴት እንደምታፈሱት ደግሞ አስቡ። ባለፈው ሐምሌ የአንዱ አባላችን አዲስ አሸንዳ ውሃውን ሰብስቦ ያፈሰሰው በጎረቤቱ ጓዳ ግድግዳ ላይ ነበር። ሁለት ቤተሰብ ስንት ዘመን ቡና ሲጠራራ ኖሮ በአንድ ቱቦ ምክንያት ተኳረፈ። ቱቦው ሁለት ሜትር ቢረዝም ኖሮ ቦዩ ይደርስ ነበር!

ሦስተኛ፤ ስለ ሊሾና ኮንክሪት። ለወለል ኮንክሪት 1 ሳጥን ሲሚንቶ፣ 2 ሳጥን አሸዋ፣ 3 ሳጥን ጠጠር የተለመደ መጠን ነው። በአካፋ ግምት ሳይሆን በሳጥን ይሰፈር። ሠራተኛው እንዲቀለው ብሎ ውሃ ሲያበዛ ዝም አትበሉ፤ ውሃ የበዛበት ኮንክሪት ደካማ ነው። ከተሠራ በኋላም ቢያንስ 7 ቀን ውሃ ይጠጣ። ውሃ የማያጠጣ ሰው ሲሚንቶውን ገዝቶ ጥንካሬውን ሱቅ ውስጥ ትቶት መጣ ማለት ነው።

አራተኛ፤ ስለ ማድ ቤት። ክፍል ለማብዛት ብሎ ማድ ቤቱን ከመኝታ ጋር የሚያያይዝ ሰው በዝቷል። የጢስ መውጫ ከላይ ካልተከፈተለት ጢሱን የሚጠጡት እናቶቻችንና ሕፃናቱ ናቸው። ከሰል ደግሞ ጢሱ አይታይም እንጂ መርዙ አለ፤ ሽታ የለውም፤ መስኮት ዘግቶ ከሰል አጠገብ የተኛ ሰው ላይነሳ ይችላል። ስለዚህ ግድግዳ ስታስመርጉ ከቀለሙ በፊት መስኮቱን አስቡ።

አምስተኛውና ልባችንን የነካው የመንገዱ ነገር ነው። በነሐሴ ወር አንዲት እናታችን ያረፉ ጊዜ፣ ሳጥኑን ከጓሮ ቤታቸው ለማውጣት ስንሄድ መንገዱ አላሳልፍ አለን። አንዱ ደረጃ አውጥቶበታል፤ አንዱ የማድ ቤቱን ግድግዳ ገፋ አድርጎበታል፤ አንዱ የውሃ በርሜል መቆሚያ ሠርቶበታል። እያንዳንዱ የወሰደው ከግማሽ ሜትር አይበልጥም፤ ተደምሮ ግን መንገዱን በላው። በዝናብ ሳጥኑን ወደ ላይ አንስተን በአጥር ላይ አሳለፍን። ልጆቻቸው ቆመው ያዩ ነበር። ያን ቀን አንገታችንን ደፋን። መንገዱ ሲጠብ በየቀኑ እያለፍንበት ያየን፣ ግን «ከሰው እንዳንጣላ» ብለን ዝም ያልን እኛው የኮሚቴ ሰዎች ነንና። ነገ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ብትወጣስ? እሳት ቢነሳስ?

«ነገ ለሚነሳ ሰፈር ምን አለፋን?» የሚሉ አባላት እንዳሉ እናውቃለን። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ሰፈር ሲነሳ ስላየን ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። ግን መቼ እንደሚሆን የሚያውቅ የለም፤ እስከዚያው ድረስ ልጆቻችን በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ይተኙ ማለት አይገባም። ይልቅ ሥጋት ያለው ሰው ዕቃ ሲመርጥ ያስብበት። ጥሩ ኮርቆሮ፣ የብረት በርና መስኮት ተነቅለው አብረው ይሄዳሉ። ሴራሚክ ግን ከወለሉ ጋር እዚያው ይቀራል። ለሚያሠጋ ቤት የሚነቀለውን መግዛት ይሻላል።

እንግዲህ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ የምናቀርበው አሳብ ይኸው ነው። ማንም አባል ቤት ሲያድስ ወደ መንገድ እንዳይወጣ፤ የወጣውም በስምምነት እንዲመለስ፤ ለሚመለሰው ሥራ ጉልበት ማኅበሩ በደቦ እንዲያግዝ። የመጀመሪያው የሚፈርሰው የእድሩ ዕቃ ቤት መወጣጫ ይሁን፤ እሱም ወደ መንገዱ ወጥቷልና። ከዚህ በተረፈ አዲስ ክፍል ለመቀጠል ያሰበ ሰው አስቀድሞ ወረዳውን ፈቃድ ይጠይቅ። በቀበሌ ቤት የሚኖርም እንዲሁ፤ ሠርቶ ከማፍረስ ጠይቆ መሥራት ይቀላል።

ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባላል። የጭቃው ጊዜ አሁን ነው። ቤታችሁን አጽኑ፤ ከዚያ አሳምሩ። ጎረቤታችሁንም አትርሱ፤ በመጨረሻ ተሸክሞ የሚያወጣን እሱ ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ
ስለ ኮሚቴው