ኮምፒዩተሩን ማን ይግጠመው?



በየሴሚስተሩ መጀመሪያ፣ ከዒሻ ሰላት በኋላ ጫማችንን እያጠለቅን ሳለን አንድ ጥያቄ ይቀርብልናል፦ «ጌሚንግ ፒሲ ልገዛ ነው። ተገጥሞ ያለቀውን ልውሰድ ወይስ ዕቃ ዕቃውን ገዝቼ ልግጠም?» ጠያቂው ብዙውን ጊዜ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ዓመት የገባ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነው። ቀን ሶሊድወርክስና ኢታብስ፣ ማታ ደግሞ የእግር ኳስ ጌም የሚያስኬድለት አንድ ማሽን ይፈልጋል። ገንዘቡ የአባቱ የቡና ሽያጭ፣ የእህቱ የዓረብ አገር ልፋት ወይም የራሱ የክረምት ሥራ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ «ያማረህን ግዛ» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

የእኛ አቋም ይህ ነው። የሚችል ራሱ ይግጠም። የማይችል በጽሑፍ ተዋውሎ ያስገጥም። ተገጥሞ ያለቀውን የሚገዛም ክዳኑን ሳያስከፍት ብር አይቁጠር። ምክንያታችንን በቅደም ተከተል እናስረዳለን። በመጨረሻም የራሳችንን ጥፋት እንናገራለን፤ እርሱን ደብቆ ሌላውን መምከር አይቻልምና።

ተገጥሞ ከሚሸጠው እንጀምር። መስታወት ኬዝ፣ ቀስተ ደመና የመሰለ መብራት፣ ላዩ ላይ «ኮር አይ ሰባት፣ 16 ጊጋ ራም» የሚል ወረቀት። ትውልዱ ግን አይጻፍም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ኮር አይ ሰባት 2600 አራት ኮር አለው። በ2022 የወጣው ኮር አይ ሦስት 12100ም አራት ኮር አለው፤ በፍጥነት ግን አዲሱ «ሦስት» አሮጌውን «ሰባት» በሰፊው ይበልጠዋል። ከውጭ የገባ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒዩተር ሆዱ ወጥቶ መስታወት ኬዝ ውስጥ ሲገባ ስሙ «ጌሚንግ» ይሆናል። ያገለገለ ዕቃ መሸጥ ነውር የለውም፤ ነውሩ አለመናገሩ ነው።

ግራፊክስ ካርዱ ላይ ደግሞ ይብሳል። እንደ ጂቲኤስ 450 ያሉ በ2010 የወጡ ካርዶች ውስጣቸው ያለው ሶፍትዌር ተቀይሮ «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ» ተብለው በዓለም ገበያ ተሸጠዋል። ዊንዶውስም የተነገረውን ስም አምኖ ያሳያል። ጂፒዩ ዚ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ግን ብዙዎቹን ይለያቸዋል፤ ከስሙ ፊት «ፌክ» ብሎ ይጽፍባቸዋል። በፍላሽ ይዞ ሄዶ ከመክፈል በፊት መሞከር አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሻጩ ይህን ከከለከለ መልሱን ሰጥቷል ማለት ነው።

ገዢ የማያየው ዋናው ቦታ ግን ፓወር ሰፕላይ ነው። ከግድግዳው የሚመጣውን 220 ቮልት ወደ 12፣ ወደ 5 እና ወደ 3.3 ቮልት አውርዶ ለሁሉም የሚያከፋፍለው እርሱ ነው። ራም ቢበላሽ ራሱን ችሎ ይበላሻል፤ መጥፎ ፓወር ሰፕላይ ግን ሲሞት ማዘርቦርዱንም ካርዱንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። ሐዋሳ ላይ መብራት ሄዶ ሲመለስ አምፖሉ እንዴት እንደሚያበራና እንደሚደበዝዝ ሁላችንም እናውቃለን። አርቲኤክስ 3060 ካርድ ብቻውን እስከ 170 ዋት ይወስዳል፤ አምራቹ ለሙሉ ማሽኑ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይመክራል። ስም የሌለው ሳጥን ላይ የተለጠፈ «600 ዋት» የሚል ወረቀት ግን 600 ዋት አይደለም። ሻጭ ዋጋ ለመቀነስ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚያሳንሰው ይህንኑ ነው፤ ምክንያቱም መብራት የለውም፣ ጌም ላይም ቁጥር አያሳይም።

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን በእህል ክምር ውስጥ አስገብተው ውስጡ እርጥብ ሆኖ ያገኙበት ሐዲስ በሙስሊም ዘገባ ይታወቃል። ሻጩ ዝናብ እንደመታው ሲነግራቸው፣ ሰዎች እንዲያዩት እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያጭበረብርም ከእርሳቸው እንዳልሆነ ተናገሩ። ዛሬ እርጥቡ እህል መስታወቱ ሥር፣ ከብረት ሽፋን ጀርባ ተቀምጧል።

ራስ መግጠም ከዚህ ያድናል። ብዙዎቻችን የምንፈራው «ባቃጥለውስ?» ብለን ነው። እውነቱን ለመናገር ዕቃዎቹ በአብዛኛው አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲገቡ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ዲዲአር 4 ራም የዲዲአር 5 ቀዳዳ ውስጥ አይገባም፤ የኤኤም 4 ፕሮሰሰር ኤኤም 5 ማዘርቦርድ ላይ አይቀመጥም። ስለዚህ ትልቁ ሥራ ያለው ከመግዛት በፊት ነው፤ ማን ከማን እንደሚስማማ ወረቀት ላይ መጻፍ። ከዚያ በኋላ አንድ ካቻቢቴ፣ ንጹሕ ጠረጴዛና አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።

ጥቅሙም ካለመታለል ያልፋል። አንደኛ፣ ቀስ በቀስ መገንባት ይቻላል። ራይዘን 5 5600ጂ የራሱ ግራፊክስ ስላለው ዛሬ ያለ ካርድ ይሠራል፤ ካርዱ ገንዘብ ሲገኝ ይጨመራል። ይህ ማለት ወለድ ያለበት ብድር ደጅ አለመጥናት ነው። በተቃራኒው ስሙ በ«ኤፍ» የሚያልቅ የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለ ካርድ የገዛ ሰው ጥቁር ስክሪን ሲያይ ያመሻል። ሁለተኛ፣ የገጠመ ሰው መጠገንም ያውቃል። 16 ጊጋው ራም አንድ ሆኖ ከሚገባ 8 እና 8 ሆኖ በሁለት ቢገባ እንደሚፈጥን፣ የራሙን ሙሉ ፍጥነት ለማግኘት ባዮስ ውስጥ ገብቶ ኤክስኤምፒ የሚባለውን ማብራት እንደሚያስፈልግ፣ የስክሪኑ ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን ካርዱ ላይ መሰካት እንዳለበት በእጁ ያውቀዋል።

ተቃራኒው ሐሳብም ሚዛን አለው፤ አንደብቀውም። ሐዋሳ ውስጥ ሁሉም ዕቃ አይገኝም። መርካቶ ለመድረስ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ መሄድ፣ መመለሻም የትራንስፖርትና የማደሪያ ወጪ አለ። ሱቅ ለሙሉ ማሽኑ አንድ ዋስትና ይሰጣል፤ ከአራት ሱቅ የገዛ ሰው ግን ማሽኑ እምቢ ሲል አራቱም ወደ ሌላው ይጠቁሙታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዕቃ ዋጋ ከሳምንት ሳምንት ስለሚለያይ፣ ቀድሞ የገባ ዝግጁ ማሽን ርካሽ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜም አለ። ጊዜ የሌለውና ፋይናል ፕሮጀክቱ የደረሰበት ተማሪ ዝግጁውን ቢገዛ አንወቅሰውም። ክዳኑን ያስከፍት፣ ይፈትን፣ ደረሰኝ ይያዝ።

አሁን ወደ ጥፋታችን። «እናንተ ታውቃላችሁ» እየተባልን ለጓደኞቻችን ዕቃ ለመግዛት አዲስ አበባ ደጋግመን ሄደናል። ወጪያችን ይሸፈንልን ነበር። ሱቆቹ ደግሞ በእያንዳንዱ ማሽን ትንሽ ኮሚሽን በጎን ይሰጡናል። አንድ ጊዜ 2,000 ብር ተቀበልን። ዝም አልን። ከሁለት ፓወር ሰፕላይ አንዱን የመረጥነውም ኮሚሽኑ ስለሚሻል ነበር። ከአምስት ወር በኋላ መብራት ሄዶ ሲመለስ የአንዱ ወንድማችን ማሽን አልተነሣም፤ ማዘርቦርዱም አብሮ ሄዷል። የፕሮጀክቱ ሦስት ሳምንት ባከነ። እኛም «የመብራት ነገር ነው፣ ቀደር ነው» አልነው።

ነገሩ ስለከበደን ኡስታዛችንን ጠየቅናቸው። መልሰው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁን፦ «ሲልካችሁ ወኪሉ ነበራችሁ ወይስ ሻጩ?» ወኪሉ ነበርን። «እንግዲያው የተቀነሰው ብር የእርሱ ነው። ምርጫችሁም ለእርሱ መሆን ነበረበት» አሉን። መድረሳ ላይ የወኪልን ምዕራፍ ቀርተናል፤ ወኪል የአማና ሰው መሆኑን ስንት ጊዜ ደግመነዋል። መርካቶ ስንደርስ ግን ምዕራፉ ከእኛ ጋር አልነበረም። ሄደን ነገርነው፣ ብሩን መለስን፣ የማዘርቦርዱንም ዋጋ ተካፍለን ከፈልን። ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። በኋላ የነገረን ከብሩ ይልቅ አመመን፤ አባቱ «ጌም ስትጫወት አቃጥለኸዋል» ብለውት መልስ አጥቶ ዝም ብሎ ነበር። አባቱ ዘንድ ስልክ ደውለን እውነቱን ተናገርን። አፉ ብለውናል፤ አላህም ይማረን።

ስለዚህ ለሚያስገጥምም ለሚገጥምም ይህን እንላለን። ለሌላ ሰው የምትገዛ ከሆነ የድካምህን ዋጋ በግልጽ ጠይቅ፤ ሐላል ነው፣ አያሳፍርም። ከሱቁ የሚሰጥህን ግን ላኪህ ይወቀው። ሻጭ ከሆንክ በእጅህ የሌለውን ዕቃ የሌላ ሱቅ ፎቶ ቴሌግራም ላይ ለጥፈህ «አለኝ» አትበል። በትዕዛዝ ማሠራትን በሐነፊ መዝሀብ ኢስቲስናዕ ይሉታል፤ በሻፊዒይ ደግሞ በሰለም ሕግ ይታያል፣ ዋጋውም ሙሉ በሙሉ በውሉ መቀመጫ ይከፈላል። ዝርዝሩን ኡስታዞቻችንን ጠይቁ። ሁለቱም የሚስማሙበት ነገር ግን የሚሠራው ዕቃ ዓይነቱ፣ ጥራቱና ብዛቱ የታወቀ መሆን እንዳለበት ነው። «ጥሩ ጌሚንግ ፒሲ» የታወቀ ነገር አይደለም። የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም፣ የፓወር ሰፕላዩ አምራችና ዋት፣ አዲስ ወይስ ያገለገለ፣ የማስረከቢያው ቀን፣ በመንገድ ቢሰበር ማን እንደሚከፍል፤ እነዚህ በአንድ ገጽ ይጻፉ፣ ሁለቱም ይፈርሙ።

ለጀመዓችንም አንድ ሐሳብ አለን። በወር አንድ ቅዳሜ፣ ከዐስር እስከ መግሪብ፣ የገጠሙ ወንድሞችና እህቶች አዲስ ለሚገጥሙ ይቀመጡ። እህቶችም በወንድም በኩል ከማስላክ በራሳቸው እጅ፣ እርስ በርስ እየተረዳዱ ይማሩት። ዕቃ ለማምጣት የሚሄድ ካለ ደረሰኙ ለሁሉም ይነበብ። ከአዲስ አበባ በቅጥቅጥ የሚመጣ ማሽን ካለ ደግሞ ከባዱ ካርድ ተነቅሎ ለብቻው ይምጣ፤ መንገዱ ማስገቢያውን ይሰብረዋል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ላይ እኛ እንገኛለን። ካቻቢቴው ከእኛ ነው።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።