አንድ ወንበር፣ አራት ፓርቲዎች

ኦክ ቤይ–ጎርደን ሄድ በካናዳዋ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግዛት፣ ከቪክቶሪያ ከተማ ጋር የሚዋሰን የምርጫ ክልል ነው። ለግዛቲቱ ምክር ቤት አንድ ተወካይ ይመርጣል፤ የቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲም የሚገኘው በዚሁ ክልል ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ምርጫ ወንበሩን የያዙት የሶሻል ክሬዲት ፓርቲው ብራያን ስሚዝ ነበሩ። እሳቸው ሲለቁ በ1989 የማሟያ ምርጫ ተካሂዶ የኒው ዴሞክራቲክ ፓርቲዋ ኤልዛቤት ከል አሸነፉ። ከል እስከ ገንዘብ ሚኒስትርነት ቢደርሱም በ1996 በሊበራሏ አይዳ ቾንግ ተረቱ። ቾንግም ለ17 ዓመታት በወንበሩ ቆዩ።

በ2013 የአየር ንብረት ሳይንቲስቱ አንድሩ ዊቨር ቾንግን አሸንፈው፣ ለግዛቲቱ ምክር ቤት የተመረጡ የመጀመሪያው የአረንጓዴ ፓርቲ አባል ሆኑ። ያገኙት ድምፅ 40 በመቶ ገደማ ነበር። ብዙ ድምፅ ያገኘው በሚያልፍበት የምርጫ ሥርዓት፣ ቀሪው ድምፅ በተቀናቃኞቻቸው መካከል በመከፋፈሉ ይህ በቂ ሆነ። በ2017 ሊበራሎች 43፣ ኒው ዴሞክራቶች 41 ወንበር ሲያገኙ፣ የአረንጓዴዎቹ 3 ወንበሮች ወሳኝ ሆኑ፤ የኒው ዴሞክራቶቹ መሪ ጆን ሆርጋንም በእነሱ ድጋፍ መንግሥት መሠረቱ። በ2020 ዊቨር አልተወዳደሩም፤ መሬይ ራንኪን ወንበሩን ለኒው ዴሞክራቶች መለሱ።

በ1996ም ሆነ በ2013 የተሸነፉት በሥልጣን ላይ የነበሩ ሚኒስትሮች ናቸው። የክልሉ መራጭ ሹመት አይቶ ካርዱን አልሰጠም። ተወካይ ለመራጩ ተጠሪ የሚሆነውም ከወንበሩ በድምፅ ሊነሳ ሲችል ነው።