እንግዳው ነጋዴና ጎረቤቶቹ

ንግድ ሸቀጥን ብቻ ሳይሆን ሰውንም ከአገር ወደ አገር የሚያመላልስ ሥራ ነው። ዕቃው ከመጋዘን ሲገባ ዋጋው ይታወቃል። ባለዕቃው ግን ከማን ጋር እንደሚበላ፣ ቢታመም ማን እንደሚጠይቀው፣ ቢቸገር ማንን እንደሚያማክር በደረሰኝ ላይ አይጻፍም። ሆኖም በባዕድ አገር የሚነግድ ሰው ሥራ የሚጸናው ወይም የሚፈርሰው ብዙውን ጊዜ በዚህ ባልተጻፈው ነገር ነው።

ጉዳዩ ያገር ነጋድያንን በቅርብ ይመለከታል። የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ቦርድ በ2016 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ቁጥር 1001፣ ቀድሞ ለአገር ተወላጆች ተጠብቆ የነበረው የወጪ፣ የገቢ፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ በተወሰነ ግዴታ ለውጭ አገር ባለሀብቶች ተከፍቷል። ከዚህም የተነሣ በየሱቁና በየመጋዘኑ አንድ ሥጋት ይነገራል፤ ይኸውም ብዙ ገንዘብ ይዞ የመጣው እንግዳ ትንሹን ነጋዴ ይውጠዋል የሚል ነው። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ይበልጥ የሚያሠጋው ከማንም ጋር ሳይተዋወቅ የሚነግደው እንግዳ ነው፤ ጎረቤቱን የማያውቅ ሰው ጎረቤቱን ቢጎዳ አያፍርምና። ስለዚህ እንግዳውን ማራቅ ሳይሆን ማቅረብ ያገሩንም ነጋዴ ይጠቅማል።

ያለፈው ታሪክ ይህንኑ ያስረዳል። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ አርመኖች፣ ግሪኮች፣ ሕንዶችና የመኖች በአዲስ አበባ ነግደዋል። አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ ተሽከርካሪ «የሰርኪስ ባቡር» ተብሎ ስሙ ከሕዝብ አፍ ገብቷል። ይልቁንም ትምህርት የሚሆነው የየመኑ ባለሱቅ ነው። እርሱ ከሰፈር መካከል ተቀምጦ፣ አማርኛ ተምሮ፣ ስኳሩንና ላምባውን በትንሽ በትንሹ እየሸጠ፣ እጅ ላጠረው ጎረቤት በዱቤ እየሰጠ ኖረ። «ዐረብ ቤት» የሚለው ስም የሚታወሰው በካፒታሉ ብዛት ሳይሆን ለሰፈሩ ቅርብ በመሆኑ ነው።

እንግዲህ ዛሬ የሚመጣው እንግዳ ወዳጅ የሚያገኘው ከወዴት ነው? በሆቴል አዳራሽ የሚለዋወጠው የስም ካርድ ትውውቅ እንጂ ወዳጅነት አይደለም። በደላላ በኩል ብቻ የሚተዋወቅም ሰው የሚያውቀው ደላላው የወደደለትን ያህል ነው። ያገሩ ወዳጅነት ጊዜ ይፈልጋል። ቡና ሲፈላ አቦሉን ጠጥቶ የሚነሣ ሰው የቸኮለ እንግዳ ነው፤ ቶናውንና በረካውን የሚጠብቅ ግን ጨዋታውን ይሰማል። ጤና ሳይጠይቅ ስለ ዋጋ የሚጀምር ሰው በዋጋው ቢስማማ እንኳ ልብ አያገኝም። ከሁሉም ይልቅ ለቅሶ የደረሰ ሰው አይረሳም። ዕድር የገባ እንግዳ ከሰፈሩ ሰው ተቆጠረ ማለት ነው። ዕቁብ ደግሞ ዳኛና ዋስ ያለው የመተማመን ማኅበር ስለሆነ፣ በዚያ ለመግባት አስቀድሞ መታወቅን ይጠይቃል።

እንግዳው ብቻውን የማይደርስበት ትንንሽ ነገርም አለ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሲባል በእርሱ አቆጣጠር ስምንት ሰዓት መሆኑን፣ ዘመኑም በሰባት ወይም በስምንት ዓመት እንደሚለይ፣ ሰው የሚጠራው በአባቱ ስም ሳይሆን በገዛ ስሙ መሆኑን የሚነግረው ወዳጅ ከሌለ፣ ቀጠሮው ይፈርሳል፤ ደንበኛውም የተናቀ ይመስለዋል።

ይኸው ሕግ ወደ ውጭ ለሚሄደው ኢትዮጵያዊም ይሠራል። በዱባይ ደይራ ወይም በጓንግዡ የሚነግድ ሰው ያገሩን ልጆች ፈልጎ እንጀራ አብሮ መብላቱ የተገባ ነው። ነገር ግን ከዚያ ካልወጣ፣ የፋብሪካውን ባለቤት ሳያውቅ በአስተርጓሚ አፍ ብቻ ሲገዛ ይኖራል። የጓንግዡ ትርኢት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1957 ጀምሮ ሲካሄድ የቆየ ነው፤ ወዳጅነት ግን በትርኢት ሰሞን ብቻ አይበቅልም። ዱባይም በ2020 በኮምፒዩተር ከየትም ሆነው ለሚሠሩ ሰዎች የአንድ ዓመት መኖሪያ ፈቃድ መስጠት ጀምራለች፤ ዛሬ መጥቶ ነገ የሚሄደው ጎረቤት በበዛ ቁጥር ወዳጅ ማፍራት ይበልጥ ሐሳብና ትጋት ይጠይቃል። አበው «እንደ አገሩ ይኖሩ፣ እንደ ወንዙ ይሻገሩ» ያሉት ለመንገደኛ ነጋዴ እጅግ የተስማማ ምክር ነው።

አንድ ነገር ግን ሊዘነጋ አይገባም፤ ወዳጅነት ውልን አይተካም። አብሮ የበላ ሰው ሁሉ ባለዕዳነቱን አይክድም ማለት አይቻልም። በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 የታደሰው የንግድ ሕግም ነጋዴው በመዝገብ እንዲሠራ ይጠይቃል። በጽሑፍ የተደረገ ውል ወዳጅነትን አይነካም፤ እንዲያውም ከጥርጣሬ ይጠብቀዋል።

ስለዚህ አስመጪውም፣ ላኪውም፣ ባለሱቁም በአጠገቡ አዲስ በር የከፈተውን እንግዳ በመጀመሪያው ሳምንት ቡና ቢጋብዘው መልካም ነው። የንግድ ምክር ቤቶችም ለአዲስ መጤ ነጋድያን ስለ ቋንቋውና ስለ ልማዱ የሚነገርበት የትውውቅ ምሽት ቢያዘጋጁ ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ብዙ ይሆናል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለው ተረት ለእንግዳው ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ያገሩም ሰው በገበያው ክፉ ቀን የሚያዋየው ጎረቤት ያስፈልገዋል።