ማስጠናት የአንድ ሰሞን ዘመቻ አይደለም

እኛ በውጭ አገር የምንማር ኢትዮጵያውያን በሕዝብ ሀብት የተማርን መሆናችንን በየስብሰባው ስንናገር ኖረናል። ፊደል ያስቆጠረንን መምህር ደመወዝ የከፈለው ገበሬውና ወዝአደሩ ነው። ይህ ዕዳ የሚከፈለው አገር ቤት ስንገባ ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ ግን መታረም ይገባዋል። ዕዳው ዛሬም፣ ባለንበት ቦታ፣ በየሳምንቱ ሊከፈል ይችላል። ይህን ስንል በዶሃ የምትገኘውን ናጅማን በዓይነ ኅሊናችን ይዘን ነው።

ናጅማ ከደቡብ እስያ፣ ከዐረብ አገሮችና ከአፍሪካ ለሥራ የመጣ ሕዝብ ተጠጋግቶ የሚኖርባት ሰፈር ናት። እንዲህ ባለ ሰፈር የሚያድግ የወገናችን ልጅ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ወይም ዐረብኛ፣ በቤቱ ደግሞ አማርኛ ይሰማል፤ ፊደሉን ግን አይለይም። ወላጆቹ ሥራ ውለው ማታ ደክመው ሲገቡ ደብተሩን የሚያይለት አይገኝም። መደመርና መቀነስ የሚያውቅ ልጅ እንኳ የሒሳቡ ጥያቄ በዐረፍተ ነገር ሲቀርብለት ግራ ይጋባል፤ ብዙውን ጊዜ የጎደለው ንባቡ ነውና። በኤጁኬሽን ሲቲ የሚያልፈው የሜትሮ አረንጓዴ መስመር ያለ ቅያሪ አል መንሱራ ያደርሳል፤ ናጅማም ከዚያው አጠገብ ናት። ርቀት ምክንያት ሊሆነን አይችልም።

ተማሪ ሕዝብን ማስተማሩ ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የአንድ ዓመት አገልግሎታቸውን በየጠቅላይ ግዛቱ ሲፈጽሙ ብዙዎቹ ያስተምሩ ነበር። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተሰማሩ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ውሎ አድሮ በ15 ቋንቋዎች አስተምሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ዓለም አቀፍ ሽልማት በዩኔስኮ በኩል ተቀብሏል። የሥራውን ታላቅነት አንክድም። ነገር ግን ዘማቹ ሲመለስ፣ የሚነበብ መጽሐፍና ክትትል ሲጓደል፣ ማንበብ ከጀመሩት ብዙዎች የተማሩትን መልሰው ረሱት። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ግልጽ ነው፤ የጋለ ስሜት ያስጀምራል፣ የሚያስፈጽመው ግን ሳይቋረጥ የሚሠራ ሥራ ነው።

የአገር ቤቱም ሁኔታ ይህንኑ ያስገነዝባል። እ.ኤ.አ. በ2010 በታችኛ ክፍሎች በተደረገው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። የ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሁለቱ ቁጥሮች የተቀራረበ ትውልድ ታሪክ ናቸው። በ12ኛ ክፍል የታየው ውድቀት ሥሩ በ2ኛ ክፍል ነበር።

አንዳንድ ወገኖች «እኛ ለመምህርነት አልሠለጠንንም» ይላሉ። ይህ አባባል ሚዛን አይደፋም። በሕንድ ፕራታም የተባለው ድርጅት በሙምባይና በቫዶዳራ የሰፈር ወጣት ሴቶችን አሰማርቶ በ3ኛና በ4ኛ ክፍል ወደኋላ የቀሩ ልጆችን አስጠንቷል። የልጆቹ ውጤት መሻሻሉንም እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት አረጋግጧል። ዘዴው ቀላል ነው፤ ልጁን በክፍሉ ሳይሆን በሚችለው መጠን መመደብ፣ ከቆመበት መነሳት። «ጊዜ የለንም» ለሚሉትም መልሳችን አጭር ነው፤ የምንጠይቀው በሳምንት ሁለት ሰዓት ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እናቀርባለን፤

1ኛ/ እያንዳንዱ አስጠኚ ከሦስት የማይበልጡ ልጆችን ይያዝ፤ የትምህርት ዓመቱ እስኪያልቅም አይልቀቃቸው።

2ኛ/ በመጀመሪያው ቀን ልጁ ፊደል፣ ቃል፣ ዐረፍተ ነገርና አጭር ታሪክ ማንበብ፣ ከሒሳብም ቁጥር መለየት፣ መቀነስና ማካፈል መቻሉ ይታይ፤ በየሦስት ወሩም ይህ ይደገም።

3ኛ/ ጥናቱ በወላጅ ፈቃድ፣ የአገሩን ሕግ ጠብቆ፣ በር ክፍት ሆኖና ሁለት አስጠኚዎች ባሉበት ይካሄድ።

4ኛ/ የሱዳኑ ወይም የሕንዱ ጎረቤት ልጅ ከልጆቻችን ጋር ቢመጣ ሒሳቡን አብሮ ይማር፤ ፊደል ለመቁጠር ቢወድም አይከልከል።

በሁለት ወር ደክሞት የሚተው አስጠኚ ባይጀምር ይሻላል። ልጅ የተገባለትን ቃል ይቆጥራል፤ አስጠኚው ሲቀር «እኔ ሰነፍ ስለሆንኩ ነው» ብሎ ያስባል። በዚህ ዓመት 20 አስጠኚ ተመዝግቦ 15ቱ ከሚጠፉ፣ አምስት ተመዝግበው አምስቱም ሰኔ ላይ ቢገኙ እንመርጣለን። ከአምስቱ አንዱ ለመሆን የቆረጠ ስሙን ለማኅበሩ ጸሐፊ ያስመዝግብ።