ለዳቦ ጋገራ የሚሆን ሚዛን አመራረጥ

ሰቆጣ በቀድሞ ዘመን ከአፋር ምድር የሚመጣው አሞሌ ጨው በብዛት ይገበያይባት የነበረች ከተማ ናት። አሞሌው በፍሬ ይቆጠር ነበርና ግራም አያስፈልገውም ነበር። በየቤታችንም ዱቄትን በጣሳ፣ እርሾን በማንኪያ መስፈር የቆየ ልማድ ነው። ለዕለት ጉርስ ይህ ብዙም አይጎዳም፤ የለመደ እጅ ራሱ ሚዛን ነውና። ዳቦ ጋግራ በመሸጥ ኑሮዋን ለምትደጉም እናት ግን አንድ ሊጥ በተበላሸ ቁጥር የዱቄቱም የማገዶውም ዋጋ ከኪሷ ይወጣል።

ለመሆኑ ስፍር ስለምን ያሳስታል? 240 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ኩባያ ተነፍቶ በቀስታ የተጨመረ ዱቄት ሲሞላበት 120 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ተጠቅጥቆ ሲሞላ ግን 150 ግራም ሊደርስ ይችላል። የዋግ እናቶች በሚገባ የሚያውቁት ማርም ከውኃ ይከብዳል፤ 1 ሊትር ማር 1 ኪሎ ከ400 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ «200 ግራም ማር» የሚለውን መመሪያ በ200 ሚሊ ሊትር የሰፈረች እናት 80 ግራም ያህል ታስበልጣለች።

በደጋው አገር ሌላም ምክንያት አለ። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፤ ሊጡም ቶሎ ይነፋል። ከልክ በላይ የተነፋ ሊጥ ደግሞ ሲጋገር ይሟሽሻል። በመሆኑም መመሪያው ለ1 ኪሎ ዱቄት 10 ግራም ደረቅ እርሾ ቢያዝ፣ በደጋ 7 ወይም 8 ግራም አድርጎ መጀመር ይበጃል። ይህን ጥቂት ልዩነት ማንኪያ አይለየውም።

እንግዲህ ባለ ቁጥር የኤሌክትሮኒክ ሚዛን ሲገዙ የሚከተሉትን ይመልከቱ።

1ኛ/ እስከ 5 ኪሎ የሚመዝንና በ1 ግራም የሚቆጥር ይሁን።

2ኛ/ ቁጥሩን ወደ ዜሮ የሚመልስ ቁልፍ ይኑረው። በዚህ ቁልፍ ዱቄቱን፣ ውኃውንና ጨውን በአንድ ሳህን ላይ በተራ መመዘን ይቻላል፤ የሚታጠበው ዕቃም ይቀንሳል።

3ኛ/ እንደ ሳንቲም ክብ ከሆነው ባትሪ ይልቅ፣ ለቴሌቪዥን ሪሞት በሚገባው ቀጭን የባትሪ ድንጋይ የሚሠራውን ይምረጡ፤ ይህኛው በየሱቁ ይገኛል።

4ኛ/ ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት ይፈትኑት። አንድ ዕቃ መሐሉ ላይ፣ ቀጥሎም በአራቱም ማዕዘን ያስቀምጡበት፤ ቁጥሩ ሊለያይ አይገባም። ዕቃው ሲነሣ ወደ ዜሮ ይመለስ። ዕቃው እንዳለ ጥቂት ጨው ሲጨመርበትም ቁጥሩ ይንቀሳቀስ፤ ካልተንቀሳቀሰ ለእርሾ አይሆንም።

ከቤት ሲገቡ ደግሞ ባዶ ዕቃ አስቀምጠው ዜሮ ካደረጉ በኋላ ግማሽ ሊትር ውኃ ለክተው ይጨምሩ፤ 500 ግራም ገደማ ሊያሳይ ይገባል።

በመጨረሻም፣ ዳቦው ባማረልዎ ቀን የዱቄቱን፣ የውኃውን፣ የጨውንና የእርሾውን ግራም በደብተር ይመዝግቡ። ያ ገጽ ለልጅዎም የሚተርፍ ሙያ ነው።